ሞትን የዳርን ጊዜ

እኔ አናጢ ነኝ፤ የምሠራውም በር ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ነገር ሁሉ ደጃፍ ላይ ቆሜ ያየሁትና የሰማሁት ነው። የከተማችንን ስም አልጠራም፤ የሚያኮራ ሥራ ሠርተን ቢሆን ኖሮ አልደብቃችሁም ነበር።

በዚያ ዘመን ሞት እኛው መሃል ነበር የሚኖረው። ከቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር አለፍ ብሎ አንዲት ጎጆ ነበረችው፤ ከእኔ ቤት የሚለየን አጥር ብቻ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሰው ሲያይ ዓይኑን ሰበር የሚያደርግ ሰውዬ ነበር። ጠዋት ይወጣል፣ ሲመሽ ይገባል። እሱ በአንድ መንገድ ሲመጣ ሰው በሌላ ይሄዳል። ሠርግ አይጠሩትም። እድር ለመግባት ሦስት ጊዜ ጠይቆ ሦስት ጊዜ ተመልሷል፤ የእድሩ ዳኛ "አንተ አባል ሆነህ ደግሞ ማን ሊተርፍ ነው" አሉት ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራው ነው። ጠዋት ሲነሣ ወዴት እንደሚሄድ እንኳ አያውቅም። እግሩ ይመራዋል፤ አንድ ደጃፍ ላይ ሲደርስ እግሩ ይቆማል፤ ያኔ ሥራው እዚያ ቤት መሆኑን ያውቃል፣ ይገባል፣ ዞር ሳይል ይወጣል።

በከተማው እሱን ሰላም የምትል አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። ይርገዱ ትባላለች፤ ሬሳ አጥባ የምትገንዝ፣ መግነዙንም በእጇ የምትሰፋ። ወላጆቿን በልጅነቷ ያጣች፣ ወንድም እህት የሌላት ናት። እሱ ከአንድ ቤት ሲወጣ እሷ አቡጀዴዋን በክንዷ አድርጋ ትገባለች፤ ደጃፍ ላይ ይተላለፋሉ። "እንደምን ዋልክ" ትለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን ለሱ የተባለ ስላልመሰለው ወደ ኋላው ዞር እያለ ሰው ይፈልግ ነበር። ይርገዱ መልከ መልካም ናት፤ ሠላሳ ዓመት አልፏት ግን ያገባት አልነበረም። "ሬሳ ሲያጥብ የዋለ እጅ የጋገረውን ማን ይበላል" ይሉ ነበር የኛ ሰዎች፤ እናቶቻቸውን ያጠበችላቸው እሷ መሆኗን ረስተው።

በእኛ አገር አማች ክብር አለው፤ ክብሩ ግን ከደፍ ውጭ ነው። የሚስቱ ዘመዶች ቤት ሳይጠራ አይገባም። ደጃፍ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከውስጥ "ግባ" ካሉት አጎንብሶ ይገባል፤ ካላሉት እጅ ነሥቶ ይመለሳል፣ አይቀየምም። ሚስቱን ደብድቦ ያባረረ አማች እንኳ ይህን ወግ ሲጥስ አልታየም። መግባትና መውጣትን የሚቆጣጠር ሹም አለን፤ የደፍ ሹም ይባላል። አንድ የሸንጎ ቀን እኚህ ሹም ተነሥተው "ሞትን እንዳረው" አሉ። "የኛን ልጅ ሰጥተን አማች እናድርገው። አማች ከሆነ ደጅ ይቆማል፤ እኛም ግባ አንለውም፤ ነገሩ አለቀ።"

አንድ ሽማግሌ "ጋብቻ በአቻ ነው፤ ለሱ አቻ ማን ናት?" ሲሉ የሁላችንም ዓይን ወደ አንድ ወገን ሄደ።

ችግሩ ይርገዱ ዘመድ የላትም። ሞት የሚከለከለው የዘመዶቿን ቤት ብቻ ከሆነ፣ ዘመድ ከሌላት ትርፉ ምንድን ነው? ትውልድ ቆጣሪው ተጠሩ። በኛ ዘንድ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። ትውልድ ቆጣሪው ገበያ መሃል ብራናቸውን ዘርግተው ሦስት ሳምንት ተቀመጡ፤ ከተማው ተሰልፎ ዘመድ ሆነ። እኔ በአምስተኛው ቤት በአያቷ በኩል ወጣሁ። ዓምና ከሩቅ አገር አህያ እየነዳ የመጣ ጨው ነጋዴ በሰባተኛው ቤት ተገኘ። ባልና ሚስት ሆነው የገቡ የአጎትና የአክስት ልጆች ሆነው ይወጡ ነበር። ሲደነግጡ ትውልድ ቆጣሪው "ለሞት ጉዳይ ብቻ ነው" ይሏቸዋል፤ ደስ ብሏቸው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

አባቴ አልሰለፍም አለ። "ያቺ ልጅ ደጃችን ስታልፍ ውሃ ጠጪ ብለናት እናውቃለን? ዛሬ ከየት የመጣ ዝምድና ነው?" አለኝ። ሳላስፈቅደው አጻፍኩት።

ሽማግሌዎች ወደ ይርገዱ የሄዱት የሚያባብሉበትን ንግግር ሁሉ አዘጋጅተው ነበር። እሷ አዳምጣ "እሱን ጠይቃችሁታል?" አለች።

"ገና ነው።"

"ጠይቁት። እሱ ካለ እኔ ደስ ይለኛል።"

ንግግራቸውን ሳይጀምሩት ወጡ። እሱም ጎጆው ደጅ ላይ ሲነግሩት አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀው፤ "እሷ ታውቃለች?" አለ። ታውቃለች ሲሉት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረና ብዙ ቆየ። ሽማግሌዎቹ የሆነውን ለማንም አልተናገሩም፤ እኔ ግን በአጥሩ ቀዳዳ አይቼዋለሁ፤ ያለቅስ ነበር።

ሠርጉ ደማቅ ነበር። መላው ከተማ በሴት ወገን ቆመ፤ በወንድ ወገን እሱ ብቻውን። ሚዜ የሚሆነው ጠፍቶ፣ ጎረቤቱም ነህ ብለው እኔን ገፉኝ፤ በአምስተኛ ቤት የሙሽራዋ ወገን መሆኔን ማንም አላነሣም። ለሞት ጎጆ አዲስ በር ሠራሁላቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ብዙ ሠርግ አይቻለሁ፤ እንደነዚያ ሁለት ሰዎች ተፋፍረው፣ እንደነሱም ደስ ብሏቸው የተያዩ ሙሽሮች አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ሞት ወደ ሥራው ወጣ። እግሩ አንዲት አሮጊት ደጃፍ ላይ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ። ከውስጥ ትንፋሽ ጠፋ። እሱም እጅ ነሥቶ ተመለሰ። ከኋላው ሳቅ ተሰማ። ከዚያ ወዲህ በቀን ስምንት ዘጠኝ ደጃፍ ይቆማል፤ ማንም አይጠራውም። ከሰዓት በኋላ ሲመለስ ይርገዱ እግሩን ታጥበዋለች።

"ዛሬስ አልጠሩህም?" ትለዋለች።

"ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል ዘመዶችሽ" ይላታል።

ዘመዶችሽ ሲል ደስ ይለዋል። ከዚያ በፊት የማንም ምንም ሆኖ አያውቅም። የያንዳንዳችንን ስም በየቤቱ ቆጥሮ በቃሉ ያዘ፤ እኔን "በአምስተኛው" እያለ ይጠራኝ ነበር።

ሞት ሲዘገይ የቀረ ይመስላል ይላሉ፤ እኛ ደግሞ ጭራሽ ቀረ ብለን የመቃብር ቦታውን አርሰን ሽምብራ ዘራንበት። የእድሩ ድንኳን ለሠርግ ተሰጠ። አልቃሿ ሥራ ስትፈታ ክርስትና ላይ ትዘፍን ጀመር፤ ዜማው ግን ያው ነበር። ይርገዱ በተረፈው አቡጀዴ ለሰፈሩ ልጆች እጀ ጠባብ ትሰፋለች። የዚያ ዓመት ነገር ጥሩ ነበር ብል አልዋሽም።

በሁለተኛው ዓመት አባቴ ጎተራ ሲከድን ወደቀና ወገቡ ተሰበረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን በሦስተኛው ቀን እንቀብረው ነበር። በአማችነት ዘመን ግን ይጮኽ ነበር። በየቤቱ እንደሱ ያለ ነበር፤ የተቃጠለ፣ ሳንባው ያለቀ፣ ከእርጅና ብዛት ቆዳው በአልጋው የተላጠ። ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ "ቤተሰብ ደኅና?" መባባል ተወ። የደፍ ሹሙም ሰው ልቡ እንዳይራራ ብለው አዋጅ አስነገሩ። ሞትን "ግባ" ያለ እንደ ገዳይ ይቆጠራል፣ ከዘመድነትም ይሰረዛል። ታማሚው ራሱ ቢጠራ አይቆጠርለትም፤ ጠሪው በሁለት እግሩ የቆመ መሆን አለበት።

ሞት በየቀኑ ደጃፋችን መጥቶ ጉሮሮውን ይጠርጋል። "ደምለው" ይለኛል አባቴ፣ "ሰው ቆሟል። በለው እንጂ።" እኔ መዶሻዬን አነሣለሁ። የሚመታ ነገር ባይኖርም እመታለሁ፤ እንዳልሰማ። ሞት ትንሽ ቆሞ ይሄዳል። ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ አደረግሁ።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ እንደ ወጣ ይርገዱን ጎኗን አመማት። እሷ ብርድ ነው ብላ ለማንም አልተናገረችም። አንድ ቀን ከሰዓት ሞት ከሥራ ሲመለስ፣ በሠራሁለት በር ፊት እግሩ ቀጥ አለ። እጁ በሩን ነክቷል፤ እግሩ ግን ቆመ። ወደ ኋላ ሄዶ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ሲመሽም አልገባ፣ ሲነጋም አልገባ።

ልብ በሉ። ባል የራሱ ቤት ሲገባ ማንም ግባ አይለውም። በዚያ ሁሉ ከተማ ሞት ሳይጠራ ሊገባበት የሚችል አንድ ቤት ብቻ ነበር የቀረው፤ የሱው ቤት። ይህን ስንድራት ያሰበው አልነበረም። ወይም ያሰበው ሰው አልተናገረም።

ይርገዱ የተቀየማት መስሏት ምግቡን ወደ ውጭ ይዛለት ወጣች።

"የዘመዶቼን ደጅ መቆም ለምዶብህ የራስህም ቤት ጠፋብህ?" አለችው። እየሳቀች ነበር የጀመረችው፤ ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። "ምን አጠፋሁ?"

"ምንም።"

"እንግዲያው ለምን አትገባም?"

መሬት መሬት እያየ "እግሬ በራችን ላይ ቆመ" አላት።

የሱን ሥራ እንደሷ የሚያውቅ የለም። ሳህኑን አጠገቡ አስቀመጠችለት። ከዚያ "ብላ፣ ይቀዘቅዛል" አለችው። እስኪጨርስ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ሳህኑን ይዛ ገባች።

ከሳምንታት በኋላ መነሣት አቃታት። እሱ በሩ ውጭ፣ እሷ በሩ ውስጥ ሆነው ይጫወቱ ነበር፤ የትኛው ደጃፍ እንደ ቆመ፣ ማን እንዳስነጠሰው፣ ሽምብራው እንዴት እንዳበበ። ሕመሙ ሲጠናባት ዝም ትላለች። እሱ ዝምታዋን ይሰማና ጭንቅላቱን በእጁ ይይዛል። አንዳንዴ ተነሥቶ እስከ በሩ ይሄዳል፤ ይመለሳል። እኔ ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ ያንን ስሰማ፣ ከኋላዬ ደግሞ አባቴን እሰማለሁ።

ነገሩ ሸንጎ ደረሰ። የደፍ ሹሙ ራሳቸው የታመሙ ይመስል ደነገጡ። ልጅ አልወለዱም፤ እሷ ከሞተች አማችነቱ አብሯት ይቀበራል። ያን ጊዜ ይርገዱ "የከተማው እናት" ተባለች። ይመቻት ተብሎ ከየቤቱ ትራስ ይላክላት ጀመር፤ ቤቷ በትራስ ሞልቶ መተላለፊያ ጠፋ። ሹሙ ራሳቸው መጥተው በመስኮቱ አናገሯት።

"ልጃችን፣ ትንሽ ታገሺ።"

"እስከ መቼ ነው?" አለች።

ሹሙ እጅ ነሥተው ሄዱ። በማግሥቱ ለኔ ትእዛዝ ደረሰኝ፤ የሞትን ቤት በር በሳንቃ ምታው፣ መስኮቷን ለእህል መግቢያ ተዋት የሚል። በሩን የሠራሁት እኔ፣ ሚዜውም እኔ። ሳንቃውን ተሸክሜ ሄድኩ። ሞት ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ይጣላኛል ብዬ ነበር። ተነሣና ሳንቃውን ያዘልኝ።

"ጥብቅ አድርገው፣ በአምስተኛው" አለኝ። "ትናንት እጄ ሳላውቀው መዝጊያውን ገፍቶት ነበር።"

እሱ ያዘ፣ እኔ መታሁ። አራተኛውን ሳንቃ ስመታ ከውስጥ ድምፅዋ መጣ፤ ደካማ ነበር፣ ግን ንግግሩ የራሷ ነው።

"አያ ደምለው፣ አባትህ እንዴት ዋሉ?"

"ይጮኻል" አልኳት። መዶሻው ከእጄ ወረደ።

"አንተስ እዚያ ነህ?" አለች ባሏን።

"አለሁ።"

"አሥራ ስድስት ዓመት ከኋላህ ገብቻለሁ። አንተ ሥራህን ጨርሰህ ዞር ሳትል ትወጣ ነበር። ትተኸው የወጣኸውን አንድ ቀን አይተህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም። እፈራ ነበር።"

"እኔ አይቻለሁ። ሕፃናቱን ሳጥብ ረግሜሃለሁ፤ ያንን አልደብቅህም። ስንት ዓመት የታመሙትን፣ እንደ ደምለው አባት ያሉትን ሳጥብ ግን፣ ግንባራቸው ተፈትቶ ነው የማገኘው። የተቋጠረ ግንባር አጥቤ አላውቅም። ይህን ልነግርህ ሁልጊዜ አስብ ነበር፤ ደጃፍ ላይ ስንተላለፍ ጊዜው አይበቃም።"

እሱ ሳንቃውን እንደ ያዘ ነው።

"አሞኛል" አለች። "እነዚህ ሰዎች እኔን የሚያኖሩኝ ለኔ ብለው አይደለም። አንተም ለኔ ብለህ አይመስለኝም።"

"ከገባሁ" አለ፣ "ከገባሁ ነገ ከሥራ ወዴት እመለሳለሁ?"

ይርገዱ የሚያጽናናው ቃል ብታገኝ ትነግረው እንደነበር አውቃለሁ።

"እሱን አላውቅም" አለችው። "ግን በጣም አሞኛል።"

ሞት ሳንቃውን መንቀል ጀመረ። ምስማሩን እኔ ነኝ የመታሁት፣ በእጅ የሚነቀል አልነበረም፤ ጣቶቹ ደሙ። ያኔ ጉጠቱን ከከረጢቴ አውጥቼ አቀበልኩት። በሕይወቴ ለሰው ያደረግሁት ደግ ነገር ካለ ምናልባት ያ ነው። አራቱም ሳንቃ ከወረደ በኋላ በሩ ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ልማድ ሆኖበት። ከውስጥ ትንሽ ሳቅ ሰማሁ።

"ቤትህ እኮ ነው" አለችው።

ገባ። እኔ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ሲነጋገሩ ይሰማኝ ነበር፤ የተነጋገሩትን አልነግራችሁም፤ ጆሮዬን ያዝኩ። ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ወጣ። ሲወጣ ዞር ብሎ አየ፤ ደፉ ላይ እንደ ቆመ ረጅም ጊዜ አየ።

"ግንባሯ ተፈቷል" አለኝ። ከዚያ ደፉ ላይ ተቀመጠ።

የሚገንዝ ሰው በከተማው አልነበረም፤ ያለችው ገናዥ እሷ ብቻ ነበረች። ሁለታችን ገነዝናት። እሱ ጫፉን ያዘ፣ እኔ ሳንቃ እንደማሥር አሠርኩ። ብታየን ኖሮ ፈትታ እንደገና ትሠራው ነበር። በማግሥቱ ሽምብራውን ነቅለን ለሷ የሚሆን ቦታ ቆፈርን።

ዘመዶቿስ ትሉኝ ይሆናል። በኛ ሕግ ዘመድ የሞተበት ሁሉ ልቅሶ ቤቱ ሦስት ቀን መቀመጥ አለበት፤ ልቅሶ ቤቱ ደግሞ የሞት ቤት ነው። እኛ ስንቆፍር ትውልድ ቆጣሪው ገበያ መሃል ብራናቸውን ዘርግተው ተቀምጠው ነበር። ከተማው ተሰልፎ ባዳ ሆነ። መጀመሪያ የተፋቀው ጨው ነጋዴው ነው አሉ። ባልና ሚስቶቹም በዚያው ዝምድናቸውን አስፍቀው እንደ ድሮው ተጋብተው ሄዱ። ሦስት ሳምንት የፈጀው ዝምድና በአንድ ቀን አለቀ፤ ቀብሩ ላይ ሁለት ሰው ቆመ።

ሞት ከቀብር መልስ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ሰው ከዚህ በኋላ ምን ያደርጋል?" አለኝ። ስንቱን ቤት ልቅሶ ቤት አድርጎ፣ ልቅሶ ግን አያውቅም።

"ይቀመጣል" አልኩት። "ሰው ይመጣል፣ እግዜር ያጽናህ ይለዋል።"

"ዘመዶቿ መቼ ይመጣሉ?"

የሆነውን ነገርኩት። አልተቆጣም። የያንዳንዱን ቤት ቆጠራ በቃሉ ያውቅ የለ፤ ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ ጥቂት ቆየ። "እንግዲያው አማች አይደለሁም" አለ።

"እግዜር ያጽናህ" አልኩት። ለሱ ይህን ያለው የመጀመሪያው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሦስት ቀን አብሬው ተቀመጥኩ፤ እየሄድኩ አባቴን እያበላሁ እመለሳለሁ። የመጣ ሰው የለም። ከከተማው የሚሰማን የመቀርቀሪያ ድምፅ ብቻ ነበር፤ በየቤቱ በር ሲቀረቀር፣ ሲፈተሽ፣ እንደገና ሲቀረቀር። አብዛኛውን መቀርቀሪያ የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ምን ያህል እንደሚይዝ አውቃለሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ተነሥቶ ልብሱን አራገፈ። በቀጥታ ወደኔ ቤት ሄደ፤ ተከተልኩት። ደጃፌ ላይ ሲደርስ ዞረ።

"አሁን መጠራት አያስፈልገኝም፣ ደምለው። አንተ ሌላ ቦታ ዋል፤ ማንም በአንተ አይፈርድም።"

"አይሆንም" አልኩት።

ቀድሜው ገባሁ። አባቴ እንደዚያ ሆኖ ነበር፤ አጥንትና ዓይን። አጠገቡ በሁለት እግሬ ቆምኩ፣ ወደ በሩም ዞሬ "ግባ" አልኩ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የነበረ ቃል ነው፤ ሲወጣ ያን ያህል አልከበደም። አባቴ ዓይኑ ደክሞ ነበርና የገባውን አላየውም። እጄን ያዘ።

"ማን መጣ?" አለኝ።

"ዘመድ ነው" አልኩት።